የጅማ ቡና ጥላና በጸደይ የሚቈጠሩ ወፎች

የዘመን ቈጠራ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ከፍለው መጸው፥ በጋ፥ ጸደይ፥ ክረምት ብለው ሰይመውታል። በዚህ አከፋፈል ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ስም ለመስከረምና ለጥቅምት አበባ ሰጥቶት ይገኛል። ነገር ግን በጅማ፥ በአጋሮ፥ በየቡ፥ በሊሙ ገነትና በጌራ የሚኖር ሰው የጸደይን ትርጕም ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። የበጋው ድርቅ አልፎ የመጀመሪያዎቹ ዝናሞች መሬቱን ሲያረጥቡት ቡናው በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ አበባው እስኪረግፍም ድረስ መንደሩን ሁሉ በመዓዛው ይሞላዋል።

በዚሁ ጊዜ ከቡናው በላይ ባሉት ታላላቅ ዛፎች ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር ይፈጸማል። እርሱም የወፎች መሰናበትና የወፎች ጎጆ መሥራት ነው። ከአውሮፓና ከሰሜን እስያ የክረምቱን ብርድ ሸሽተው በመስከረምና በጥቅምት የመጡት እንግዶች በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ተወለዱበት ሀገር ይመለሳሉ። ከእነዚህ መካከል ክብደትዋ 10 ግራም ያህል ብቻ የሆነች፥ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ትል የምትለቅም አረንጓዴ ቢጫ ወፍ አለች። እንደዚሁም ወንዱ ጥቁር፥ ሴቲቱ ቡናማ ቆብ የደፉ የሚመስሉ ትንንሽ ወፎች አሉ። እነዚህ ፍጥረቶች በረሃውንና ባሕሩን ተሻግረው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይበራሉ፤ ለዚህም ጕዞ የሚሆነውን ስንቅ የሚሰበስቡት በቡናው ጥላ ውስጥ ከሚገኙት ነፍሳት ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ደግሞ የሀገሩ ወፎች ዝናሙ ያበዛውን ትልና ፍሬ ተስፋ አድርገው ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ስለዚህ በጸደይ ማለዳ ወፍ የሚመለከት ሰው ሂያጁንም ነዋሪውንም በአንድ ዛፍ ላይ ለማየት ይችላል።

ወፍን መመልከት ሥራ ፈት ሰዎች ቀን የሚያሳልፉበት ጨዋታ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የሚሆኑ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ይህን ሀብት ለማወቅና ለማስታወቅ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ተቋቋመ። ማኅበሩ አባሎቹን ወደ ዱርና ወደ ሐይቅ ዳር እየወሰደ ወፍ ማስመልከቱን፥ በየትምህርት ቤቱም ያሉትን የተፈጥሮ ክበቦች መርዳቱን ሥራዬ ብሎ ይዞታል። በ1996 ደግሞ ለወፎች ኑሮ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን 69 የኢትዮጵያ ስፍራዎች ዘርዝሮ በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መዝገብ ውስጥ የጅማ ዙሪያ ደንና ረግረግ፥ በአጎራባቹ በካፋም የቦንጋ ደን ስማቸው ይገኛል።

ወፍ የመቍጠር ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስፈልገው የሩቅ መመልከቻ መነጽር፥ ደብተርና እርሳስ፥ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ነው። ተመልካቾቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እስከ 3 ሰዓት ይወጣሉ፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ወፎቹ ስለሚሸሸጉ ድካሙ ከንቱ ይሆናልና። ደማቅ ልብስ አይለብሱም፤ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደርጋሉ። ጥቅጥቅ ባለው የቡና ጥላ ውስጥ ወፉ ከሚታይበት ጊዜ የሚሰማበት ጊዜ ስለሚበልጥ፥ ጆሮአቸው ከዓይናቸው ይልቅ የሠለጠነ መሆን አለበት። በደብተሩም የወፉን ዓይነት፥ ቍጥሩን፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውንና የተቀመጠበትን ዛፍ ይጽፋሉ። ከዚህ የጠለቀ ምርመራ የሚያደርጉት ሊቃውንት ደግሞ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው ወፎቹን በቀጭን መረብ ይይዛሉ፤ ከመዘኑአቸውም በኋላ ቍጥር የተጻፈበት ቀላል ቀለበት በእግራቸው ላይ አድርገው ይለቋቸዋል። ያ ወፍ በሌላ ጊዜ ወይም በሌላ ሀገር ሲያዝ ቀለበቱ የት እንደ ነበረ ይመሰክራል።

የመቍጠርን ጥቅም ለማስረዳት የመስቀል ወፍ ትበቃለች። ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትታይ አድርጎ ይናገርባታል፤ ከወዳጁ ቤት የሚጠፋውንም ሰው በእርስዋ ይመስለዋል። ሆኖም በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ሀገር አይርቁም። ወንዱ በዝናሙ ወራት ለጋብቻው ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ልብስ ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ያን ልብስ ጥሎ እንደ ሴቲቱ ገብስማ ስለሚሆን ሰው ሄደ ይለዋል። በዓመት አንድ ቀን የሚያይ ዓይን ያለውን የለም ይላል፤ የሌለውንም አለ እያለ ሊኖር ይችላል። ዓመት ከዓመት የሚቈጥር ሰው ግን በሁለቱም አይታለልም።

በጅማ የቡና ጥላ ሥር የሚኖሩት ወፎች ብዙ ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የማትገኘው፥ ግንባርዋ ቢጫ፥ ሌላው አካልዋ አረንጓዴ የሆነችው በቀቀን በደቡብ ምዕራብ ደኖች ትኖራለች። ጎጆዋም በሸመገለ ዛፍ ግንድ ውስጥ ያለ ጕድጓድ ነው። ጕንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፥ ሲበር የክንፉ ቀይ ቀለም እንደ እሳት የሚገለጠው አረንጓዴ ወፍ ከሾላና ከዋርካ ፍሬ አይለይም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለው፥ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማው ታላቅ ወፍ ነው። የዚህ ወፍ ሴት እንቍላል ለመጣል በዛፍ ጕድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ የጕድጓዱም አፍ በጭቃ ተመርጎ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ከሦስት ወር በላይ ባልዋ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ቀዳዳ ይመግባታል። እንግዲህ ይህን ታላቅ ወፍ የሚያስገባ ጕድጓድ ያለው ዛፍ ብዙ ዘመን የኖረ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ዛፍ በአንድ ቀን መቍረጥ ይቻላል፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን መተካት አይቻልም።

የጅማ ቡና ከሌሎች አገሮች ቡና የሚለይበት ምክንያት በዚህ ላይ ነው። ቡና በኢትዮጵያ ደን ውስጥ በራሱ የበቀለ ተክል ስለ ሆነ፥ ገበሬው ቡናውን ዛሬም በዋንዛ፥ በብሳና፥ በብርብራ፥ በሰሳና በሾላ ጥላ ሥር ያለማዋል። በ2015 የታተመ አንድ ምርመራ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደንና በጥላ ቡና ውስጥ ያሉትን ወፎች በመረብ እየያዘ አነጻጽሮ ነበር። በደኑ ውስጥ ከተገኙት የወፍ ዓይነቶች ከአንዱ በቀር ሁሉም በጥላው ቡና ውስጥ ተገኙ። ከሰሜን የሚመጡት እንግዶች ወፎች ደግሞ የተያዙት በቡናው ጥላ ውስጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ መርማሪዎቹ የኢትዮጵያ የጥላ ቡና ምናልባት በዓለም ካለው ቡና ሁሉ ለወፍ እጅግ የሚስማማው ሳይሆን አይቀርም አሉ። ነገር ግን ከዚሁ ጋራ ሌላም ነገር አመለከቱ። ከደን በቀር መኖር የማይወዱት፥ በታችኛው ቍጥቋጦ ውስጥ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በብዛት የተገኙት በደኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጥላ ቡና የደን ጎረቤት እንጂ የደን ምትክ አይደለም።

ወፉ ለቡናው ምን ያደርግለታል? ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። የቡናን ፍሬ እየበሳ ውስጡን የሚበላ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥንዚዛ አለች። በኮስታሪካ ተደርጎ በ2013 የታተመው ምርመራ፥ ወፎች የሚገቡበት ቡና በመረብ ተሸፍኖ ወፍ ከተከለከለው ቡና ጋራ ሲነጻጸር፥ ወፎቹ የዚችን ጥንዚዛ ጥፋት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱት አሳይቷል። በአፍሪካም በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ተመርምሮ በ2014 እንደ ተገለጠው፥ ወፎችና የሌሊት ወፎች ባሉበት ቡናው የሚይዘው ፍሬ ከሌሉበት 9 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ንቦችም የፍሬውን መልካምነት ይጨምራሉ። ደመወዝ የማይጠይቁ፥ መድኃኒት የማያስገዙ፥ ከንጋት ጀምረው የሚሠሩ ሠራተኞች ማለት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ይህ ሁሉ መልካም ነገር ሳለ የሚያሳስበው ጕዳይ የጥላው መሳሳት ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ በመጥረቢያ ድምፅ የሚመጣ ቢሆን ሰው በሰማው ጊዜ በከለከለው ነበር። በቡናው ውስጥ ግን ጥፋቱ ድምፅ የለውም። ገበሬው በየዓመቱ ከቡናው ሥር ያለውን ቍጥቋጦ ይመነጥራል፤ ይህንም የሚያደርገው ቡናው እንዲያድግና ለለቀማ እንዲመች ነው። ነገር ግን በዚያ ምንጣሮ ከአረሙ ጋራ ገና አንድ ክንድ ያልሞሉት የዋንዛ፥ የሰሳና የቀረሮ ቡቃያዎችም አብረው ይታጨዳሉ። አባት ዛፎቹ ቆመው ሲታዩ ደኑ ያለ ይመስላል፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የላቸውም። እነርሱ በነፋስ ወይም በዕድሜ በወደቁ ጊዜ የሚተካ አይገኝም። ይህ ሳይታወቅ ሠላሳና አርባ ዓመት ያልፋል፤ በመጨረሻ ቡናው በፀሐይ ላይ ቆሞ ይቀራል። በዚህ ላይ ባሕር ዛፍና ጫት ፈጥነው ገንዘብ ስለሚያስገኙ በየስፍራው የቡናውን መሬት ይሻማሉ። ረግረጉም እንደዚሁ ነው። በጅማ ከተማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ለእርሻ በመታረሱ፥ ለጡብ ሥራ በመቈፈሩ፥ ባሕር ዛፍም ስለ ተተከለበት እየተጎዳ መሆኑ ከአሥር ዓመት በላይ ሲነገር ቆይቷል። በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ረጅም እግር ጥቁር ወፍ የሚኖረው እንደዚህ ባለው ረግረግ ነው፤ በዓለምም ቍጥሩ እየቀነሰ ለአደጋ ከተጋለጡት ወፎች ተራ ተጽፏል።

የወፍ ቈጠራ ጥቅም የሚገለጠው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ገና ቆሞ ሳለ፥ ዓይንም ደኑ አለ ሲል፥ ወፉ ግን ቀድሞ ይሄዳል። ታችኛው ቍጥቋጦ ሲጠፋ የቍጥቋጦው ወፍ ይጠፋል፤ ያረጀው ዛፍ ሲቀንስ በጕድጓድ የምትፈለፍለው በቀቀን ትቀንሳለች። በያመቱ በጸደይ በአንድ መንገድ እየሄደ የሚቈጥር ክበብ፥ አምና አሥር የነበረው ዘንድሮ ስድስት፥ ከርሞ ሦስት ሆኖ በደብተሩ ሲያገኘው፥ ደኑ በመታመም ላይ መሆኑን ከመውደቁ በፊት ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ በሌላ ሀገር ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ በ1900 በልደት በዓል ቀን 27 ሰዎች ወጥተው ወፍ ቈጠሩ፤ ያ ቈጠራ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይደረጋል። በ1966፥ የኢትዮጵያው ማኅበር በተቋቋመበት ዓመት፥ በመራቢያ ጊዜ የሚደረግ ሌላ ቈጠራ በዚያው ሀገር ተጀመረ። ከቈጣሪዎቹም አብዛኞቹ ሊቃውንት አልነበሩም፤ መምህራን፥ ገበሬዎች፥ ነጋዴዎች፥ ጡረተኞች ነበሩ። በ2019 እነዚህ መዝገቦች ተደምረው ሲመረመሩ፥ ከ1970 ወዲህ በዚያ ክፍለ ዓለም ካሉት ወፎች 3 ሺህ ሚሊዮን ያህል መጕደላቸው ታወቀ። ከጠፉትም ብዙዎቹ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ተራ ወፎች ነበሩ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ጕድለቱን የሚያውቅ ሰው ባልተገኘም ነበር።

በቡናም ረገድ ከውጭ ሀገር የሚገኝ ትምህርት አለ። በላቲን አሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ የቡና እርሻ ምርት ይበዛል ተብሎ የጥላ ዛፉ ተቈረጠበት። ምርቱ በዛ፤ ነገር ግን መሬቱ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት የሚጠይቅ ሆነ፥ ወፎቹም ሄዱ። ከዚህ በኋላ የስሚዝሶንያን ተቋም በ1990ዎቹ ለወፍ የሚስማማ ቡና የሚል የምስክር ወረቀት አቋቋመ። ይህን ወረቀት ለማግኘት ቡናው ያለ ኬሚካል መልማት፥ የዛፍ ጥላውም ቢያንስ 40 በመቶ መሸፈን አለበት። ሌሎች የጣሉትን መልሰው ለመትከል ገንዘብ በሚያወጡበት ዘመን፥ የጅማ ገበሬ ያው ነገር በአባቶቹ ርስት ላይ ቆሞለት ይገኛል።

እርግጥ ነው፥ የገበሬው ክርክር ሊናቅ አይገባም። ጥላ ከመጠን ሲያልፍ ቡናው ፍሬ ያንሰዋል፤ የቤተ ሰብ ቀለብ፥ የልጆች ትምህርት፥ የግብር ዕዳ የሚሸፈነው ከፍሬው እንጂ ከወፍ ዜማ አይደለም። ስለዚህ ገበሬውን ዛፍ አትንካ ብሎ ማዘዝ ብቻውን ምክር አይሆንም። መካከለኛው መንገድ ግን አለ። ጥላውን በልክ መግረዝና ጥላውን ማጥፋት የተለያዩ ናቸው። በምንጣሮ ጊዜም በየስፍራው ጥቂት የዋንዛና የሰሳ ቡቃያ ምልክት እያደረጉ መተው ለገበሬው ምንም አያስወጣውም፤ ለልጁ ግን ጥላ ያወርሰዋል። ገበያውም ይህን ድካም እንዲከፍል ማድረግ እንደሚቻል በበለጠና በጌራ ደን ታይቷል። በዚያ ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት እርዳታ የየመንደሩ ሰዎች የደን አስተዳደር ማኅበር አቋቁመው ደኑን ተረከቡ፤ የደን ቡናቸውም ሬይንፎረስት አልያንስ የተባለውን የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። በኋላ የተደረገውም ምርመራ የምስክር ወረቀቱ ደኑን ለመጠበቅ መርዳቱን አረጋገጠ።

እንግዲህ በጅማና በቡና ከተሞቹ ያሉ ትምህርት ቤቶችና ወጣቶች ሊይዙት የሚገባው ሥራ የተገለጠ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለው የተፈጥሮ ክበብ በቅርቡ ካለ የቡና ጥላ፥ ከደን ዳርና ከረግረግ አንዳንድ መንገድ ይምረጥ። በጸደይ ሦስት ወር ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ማለዳ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ሰዓት ይሂድ፤ ያየውንና የሰማውን ይጻፍ። ደብተሩ ከመምህር ወደ መምህር፥ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፍ እንጂ ክፍሉን በጨረሰው ልጅ ቤት አይቅር። የአንድ ዓመት ቈጠራ ወሬ ነው፤ የአሥር ዓመት ቈጠራ ግን ምስክር ነው። በያመቱ በግንቦት ወር መግቢያ ላይ የሚውለው የዓለም የተጓዥ ወፎች ቀን፥ ማለት በአውሮፓውያን የሜይ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፥ ልጆቹ የጻፉትን በአደባባይ ለወላጆቻቸው የሚያነቡበት ቀን ቢሆን ይስማማል። የጅማ ዩኒቨርሲቲም መዝገቡን የሚመረምሩ መምህራንን ለመስጠት ቅርብ ነው።

ሌላም አደራ አለ። የወፎቹ ስም በእንግሊዝኛና በላቲን መጻሕፍት ተጽፎ ሲገኝ፥ ሽማግሌዎች በኦሮምኛና በአማርኛ የሚጠሯቸው ስሞች ግን በብዙ ስፍራ በቃል ብቻ ቀርተዋል። የትኛው ወፍ ዝናም እንደሚያበስር፥ የትኛው እባብ ሲያይ እንደሚጮህ፥ የትኛው የማር ቈራጩን ወደ ቀፎው እንደሚመራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ክበቦቹ ከሽማግሌ ጋራ ወጥተው ስሙን ከወፉ ጋራ አገናኝተው ቢጽፉት፥ የወፍ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የቋንቋም መዝገብ ይሆናል። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌ ካለፉ በኋላ ወፉ ቢቀር እንኳ ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

ጅማ በቡናዋ ስም ያገኘች ሀገር ናት። ቡናውን ያቆየው ዛፉ ነው፤ ዛፉን ከተባይ የሚጠብቁት፥ ዘሩንም ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያደርሱት ወፎች ናቸው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሌሎቹ ወዲያው አይወድቁም፤ ቢሆንም መጕደሉ ተጀምሯል ማለት ነው። ያን ጕድለት በጊዜው የሚያውቀው ቈጥሮ የጻፈ ነው፤ በጊዜው ያወቀም ቡቃያውን ከማጭድ ለማዳን ጊዜ ይኖረዋል።